የኩሼት አልጋ አመራረጥ፦ ከቆላ እስከ ደጋ

በአውሮፓ የሌሊት ባቡር ማደሪያው ሦስት ዓይነት ነው፤ ወንበር፣ ኩሼትና የአልጋ ፉርጎ። ወንበር የወጣቶች ምርጫ ነው፤ ጠዋት ሲወርዱ ግን ወጣት አይደሉም። የአልጋ ፉርጎ የእጅ መታጠቢያም ንጹሕ አንሶላም ስላለው፣ ከዋጋው በቀር ነውር ስላልተገኘበት ለምርምር አይመችም። ስለዚህ ጥናታችን ስድስት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ኩሼት ላይ ያተኩራል።

ክፍሉ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ተደራራቢ አልጋ አለው። የታችኛው ቀን ቀን መቀመጫ ነው። መካከለኛው የዚያው መቀመጫ መደገፊያ ሲሆን፣ ሲመሽ ወደ ላይ ተነስቶ አልጋ ይሆናል። የክፍሉ ፖለቲካ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህች ማጠፊያ ነው። አልጋው ከተዘረጋ ታችኛው ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ካልተዘረጋ መካከለኛው አይተኛም። አንዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚያንጎላጅ፣ ሌላው በ4 ሰዓት እንቁላል መላጥ የሚጀምር ከሆነ ድርድሩ በማዛጋት ይካሄዳል። (ባለ እንቁላሉ ያሸንፋል።)

የላይኛው አልጋ ሥነ ምህዳር ያስቸግራል፤ በከፍታው ደጋ፣ በአየሩ ቆላ ነው። ነዋሪው ማንንም ሳያስፈቅድ በፈለገው ሰዓት ይተኛል። ጣጣው የሚመጣው ሌሊት ሽንት ሲወጥረው ነው። ካልሲ ያጠለቀ እግር በጨለማ የመሰላሉን እርከን ሲዳብስ ቆይቶ የመካከለኛውን ሰው ትራስ ያገኛል፤ አንዳንዴም ትራሱ ላይ ያለውን። ይቅርታው በየትኛው ቋንቋ እንደሚባል ለመወሰን ባቡሩ የቱ አገር እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

የጀርመን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የራሱን የአልጋ ባቡሮች ሲተው ከፊሉን መስመር የተረከበው የኦስትሪያ ባቡር ለዚህ መላ ፈልጓል። በ2023 መጨረሻ በሃምቡርግና በቪየና መካከል ያሰማራው አዲሱ የናይትጄት የሌሊት ባቡር ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን፣ የራሱ መዝጊያ ያለው ሣጥን መሰል ማደሪያ ይዞ መጣ። ከባዕድ እግር መጠበቅ በገንዘብ የሚገዛ ነገር መሆኑ በዚህ ተረጋግጧል። መንገደኛው ጉልበቱን የሚያጥፍበት ቦታ ያጣል እንጂ ጎረቤት የለበትም።

ያልተፈታው ጥያቄ ቁርስ ነው። በናይትጄት ኩሼት ውስጥ ጠዋት ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታና ቡና ወይም ሻይ ይመጣል። መካከለኛው ገና እንቅልፍ ላይ ከሆነ አልጋው አይታጠፍም፤ ታችኛውም ቡናውን በጎኑ ተጋድሞ፣ በክርኑ ተደግፎ ይጠጣል። በዚህ አኳኋን ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባት የተሳካለት ሰው እስካሁን አልተመዘገበም።