ቲማቲም ነው አልኳቸው

የባለቤቴ ወንድም ፒካፑን ሲያውሰኝ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና ቶሎ አልለቀቀውም። «አውቶማቲክ ናት፤ ፍሪሲዮን የላት፣ ምን የላት፤ ዝም ብለህ መሪ መያዝ ነው» አለኝ። ዝም ብሎ መሪ መያዝ ከሆነማ ወዳጄ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው በመላው ደብረ ብርሃን ተፈልጎ አይገኝም።

ነገሩ የባለቤቴ እህት ሠርግ ደርሶ ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው መከሩና ሽንኩርትና ቲማቲም እዚህ ከመግዛት ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከቦታው ማምጣት ይሻላል አሉ። መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ (ጣሊያን የሠራው ነውና ሰዉ እስካሁን ሙሶሊኒ ይለዋል) በካፖርት ገባሁ፤ ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱን አወለቅሁ፤ አርማንያ ላይ ሹራቡን፤ ሸዋ ሮቢት ስደርስ የሚወልቅ ነገር አልቆብኝ ነበር።

ግዢው ያለ ችግር አለቀ። እንዲያውም ተከራክሬ አስቀነስኩ፤ ቢያንስ ሻጮቹ እንደዚያ እንዳምን አድርገውኛል። ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ቲማቲሙ በሳጥን ተጫነ፤ እኔም ጥላ ፈልጌ ቡና አዘዝኩ። ፍንጃሉን ሳልጨርስ አንድ ሊስትሮ መጥቶ «ጋሼ፣ መኪናህ እየደማ ነው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ቀይ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ቲማቲም ነው» አልኩት።

«ቲማቲሙ ከኋላ ነው፤ የሚንጠባጠበው ከፊት ነው።»

«መሬቱ ቁልቁለት ነዋ! ወደፊት ወርዶ ነው።» ልጁ መሬቱን አየ፤ ሜዳ ነው። ከዚያ እኔን አየ። ቡና የምታፈላዋም አየችኝ። ሂሳቤን ከፍዬ፣ ጉርሻ ጨምሬ፣ የሚያውቅ ሰው አረማመድ ተራምጄ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ጠርጣሪ ተቀጥሮልኝ እንኳ አለመስማቴ ነው።

ከከተማው ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይብሳል፤ ጎማው ግን ነገሩ እንደማይመለከተው ሁሉ ዝም ብሏል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆመልኝ። ወርዶ በጣቱ ነካ አደረገና አሸተተው።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቲማቲም» አልኩት፤ አንዴ ይዤዋለሁ፣ ልለቀው?

«ካምቢዮው ውስጥ ነው የበቀለው?»

በዚያው ባጃጅ ተመልሰን መካኒክ አመጣን። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይፈልግ አገኘው። ለካ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲግል በቀጭን ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ፣ እዚያ ቀዝቅዞ፣ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ቱቦው ብረት ነው፤ ራዲያተሩ ጋ ሲደርስ ግን አጭር ጎማ ይቀጥለዋል። ያቺ ጎማ በሙቀት ብዛት ደርቃ ጫፏ ላይ ተሰነጣጥቃለች፤ ፋሸታዋም ላልቷል። ዘይቱ ካለቀ ደግሞ ካምቢዮው ኃይል የሚያስተላልፍበት ነገር የለውም፤ ሞተሩ ለብቻው ይዘፍናል።

የመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቁራጭ ነበረና ይህንን ብናደርግስ አልኩ። «የውሃ ጎማ ትኩስ ዘይት አይችልም። አብጦ ጣርማ በር ሳትደርስ ይፈታል» አለና ዘይት አምጣ ብሎ ላከኝ። ሱቅ ሄጄ «የካምቢዮ ዘይት» አልኩ፤ ሰጡኝ። መካኒኩ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። «ይሄ 90 ቁጥር ነው፤ የአይሱዙ ካምቢዮ ነው የሚጠጣው። አንተ ቀዩን፣ ለመሪ የምንሞላውን ነው የምታመጣው።» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ያው ባጃጅ፣ ያው መንገድ፣ ሌላ ሂሳብ። ሹፌሩ በዚያ ቀን የወደደኝን ያህል የወደደኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጎማዋ ዘይት በሚችል ተቀየረች፤ ግራና ቀኝ አዲስ ፋሸታ ታሰረላት። ዘይቱ የሚለካው ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ሁሉንም አስነክቶ ነው። ይህን ሳላውቅ ሞተሩን አጠፋሁና ተቆጣኝ። ታዳሚው በዝቶ ነበር። ግመል የሚነዱ አንድ አባት ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ግመል ቢሆን ይሄኔ ደርሰሃል» ብለውኝ አለፉ። እውነታቸውን ነው። የወላስማ ሱልጣኖች ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምረው ይፋትን ሲገዙ ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ወደ ደጋ የሚወጣው ሸቀጥ በዚሁ አገር ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ከሸዋ ሮቢት ቲማቲም ይዤ አርማንያ መድረስ አቃተኝ።

ቲማቲሙን ረስቼው ነበር ማለት ነው። የይፋት ፀሐይ ግን አልረሳውም። ሳጥኖቹን ስከፍት የታችኛው ረድፍ ወደ ድልህነት ተቃርቧል። በሙቀት የተጎዳ ቲማቲም ተሸክሞ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 በላይ መውጣት ለማን ይበጃል? የተረፈውን ለመሸጥ ወደ ገበያው ተመለስኩ፤ ቲማቲም ሸዋ ሮቢት ላይ። መጀመሪያ የሸጠችልኝ ሴት ናት የገዛችኝ። ዋጋውን አልነግራችሁም። ብቻ ከፍላኝ ስታበቃ «ሳጥኑን መርቅልኝ» አለችኝ፤ መረቅሁላት።

አመሻሽ ላይ ካፖርቴን ለብሼ ደብረ ብርሃን ገባሁና ሰፈር ሳልደርስ አንድ አትክልት ቤት ደጃፍ ቆምኩ። ባለሱቁ የሸዋ ሮቢት ነው፣ ዛሬ የገባ ነው ብሎ ማለ። በጠራው ዋጋ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ገዛሁት።

ባለቤቴ ወጥታ ከሳጥኑ አንድ አነሳች፤ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። «አየህ፣ ከቦታው ሲገዛ እንዴት እንደሚለይ! በዋጋውም ግማሽ በግማሽ አትርፈናል» አለች።

ሽንኩርቱን ማውረድ ጀመርኩ።