የጓዳና የጎዳና አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

አዋጅ ቁጥር 28
የሰው ጓዳ የሚጠብቁ እንደራሴዎችን ሥራ ለመደንገግ የወጣ የፌዝ አዋጅ

እኛ በቨርጂኒያ 28 ቁጥር መንገድ ላይ፣ በማናሳስና በሴንተርቪል መካከል፣ ሞተር አስነስተን እግራችንን ፍሬን ላይ የተከልን አሽከርካሪዎች፤

የቨርጂኒያ ጠቅላላ ጉባኤ ከ1619 ጀምሮ ሲሰበሰብ የኖረ አንጋፋ ሸንጎ በመሆኑ፤

የታችኛው ምክር ቤት 100 እንደራሴዎች በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡ፣ በዓመት 17,640 ዶላር የሚከፈላቸውና መደበኛ የጉባኤ ጊዜያቸውም ጥቂት ሳምንታት ብቻ በመሆኑ፣ እያንዳንዷ ቀን እንደ ወርቅ ልትመዘን የሚገባት መሆኗን በመገንዘብ፤

የሪፐብሊካን ፓርቲው አቶ ቦብ ማርሻል ከ1992 ጀምሮ ለ26 ዓመታት፣ 13 ጊዜ ተመርጠው፣ ማኅፀንን፣ ትዳርን፣ የዳኛ ሹመትንና መጸዳጃ ቤትን ሳይታክቱ ሲጠብቁ የኖሩ በመሆኑ፤

መንገዱ ግን ጠባቂ አጥቶ የከረመ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የጓዳና የጎዳና አዋጅ ቁጥር 28» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ፋታ የሌለው ሰው «የመንገዱ አዋጅ» ቢለው አይከሰስም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦
(ሀ) «ጓዳ» ማለት በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ማንኛውም ክፍል ሲሆን መኝታ ቤትን፣ መጸዳጃ ቤትንና የሐኪም መመርመሪያ ክፍልን ይጨምራል፤
(ለ) «ጎዳና» ማለት ከእንደራሴው በቀር ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው፤
(ሐ) ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መንገድ ላይ ያለቀው ዕድሜያችን ግን በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው።

አንቀጽ 3፦ ለጓዳ ጥበቃ አገልግሎት ስለሚሰጥ እውቅና
1. አቶ ማርሻል ከባልደረባቸው ከኒውማን ጋር ያረቀቁት፣ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ2006 ለሕዝብ ቀርቦ 57 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ጸድቋል። ሕዝብ ወዶ የመረጠው መሆኑን ይህ አዋጅ አይክድም። ይሁንና በ2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው፤ ኦክቶበር 6 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ሲል በዚያው ቀን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ተፈቀደ። ቨርጂኒያ ማን ማንን እንደሚያገባ ስትወስን ያ የመጀመሪያዋ አልነበረም። እስከ 1967 ድረስ ነጭና ጥቁር መጋባት ወንጀል ነበር፤ ሎቪንግ የሚባሉ ባልና ሚስት በመጋባታቸው የአንድ ዓመት እስር ከተፈረደባቸው በኋላ ግዛቱን ለቀው እንዲወጡ ተደርገዋል። ከመካከላችን ነጭ ያገባ አበሻ ሁሉ ይህችን ንዑስ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብባት።
2. በ2012 የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ዐቃቤ ሕግ ትሬሲ ቶርን-ቤግላንድ ለዳኝነት ሲታጩ፣ አቶ ማርሻል «ግብረ ሰዶማዊ ነው» በሚል ተነሥተው ሹመቱን አስጣሉ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ያው ጉባኤ ያንኑ ሰው ሾመ። ለተባከነው ጊዜ የከፈለው ማን እንደሆነ ይመርመር።
3. በዚያው በ2012 ሰው ከፅንሰቱ ጀምሮ በሕግ ሰው ነው የሚል ረቂቅ አቅርበው በታችኛው ምክር ቤት አሳለፉ፤ ሴኔቱ ወደ ኮሚቴ መልሶ አስተኛው።
4. በ2011 እና በ2013 ደግሞ ከጓዳ ወጥተው ግምጃ ቤት ገቡ፦ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ምናልባት ቢፈርስ ቨርጂኒያ የራሷ ገንዘብ ይኑራት ወይ የሚለው ይጠና አሉ። መንገዱ አስፋልት ሲለምን እሳቸው ወርቅና ብር ሊያስመዝኑ ነው።
5. በ2017 ሰው ሁሉ በመንግሥት ሕንፃና በትምህርት ቤት የሚገባበት መጸዳጃ ቤት በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው ፆታ ይወሰን የሚል ረቂቅ አመጡ። ረቂቁን የቀበረው የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች አብላጫ የነበሩበት ንዑስ ኮሚቴ ነው። አፈሩ ይቅለለው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ፍትሐዊ ምስክርነት
ይህ አዋጅ ፌዝ ቢሆንም ሐሰት አይደለም፤ ስለዚህ የሰውየውን ጉብዝና ይመሰክራል። በ2007 ጉባኤው ለሰሜን ቨርጂኒያ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ለመንገድ የሚውል ግብርና ክፍያ የመጣል ሥልጣን ሰጠ። አቶ ማርሻል ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሱ። በፌብሩዋሪ 2008 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው፦ ግብር መጣል የሚችለው ሕዝብ የመረጠው አካል ብቻ ነው ተባለ። ነገሩን በሕግ ዓይን ካየነው እውነት አላቸው፤ አንጀታችን እያረረም ቢሆን እንመሰክራለን። ግን የመንገዱ ገንዘብ አብሮ ሄደ። ስሕተቱን በዚያ ንቃት ያገኘ ሰው መፍትሔውንም በዚያው ንቃት ያመጣል ብለን ጠበቅን፤ እስከ 2017 ድረስ፣ እዚሁ፣ እንደቆምን።

አንቀጽ 5፦ ስለ ኖቬምበር 7 ቀን 2017
1. በራሳቸው አንደበት የግዛቲቱ የግብረ ሰዶማውያን ጠላቶች አለቃ ነኝ ያሉትን አቶ ማርሻልን፣ የአካባቢ ጋዜጣ ዘጋቢና የሄቪ ሜታል ባንድ ዘፋኝ የነበረች፣ ፆታዋን የቀየረች ዳኒካ ሮም የምትባል ተፎካካሪ ገጠመቻቸው። ለእሳቸው ሰማይ ቢወድቅ ከዚህ ባልባሰ ነበር።
2. ሰው ሁሉ ስለ ጓዳ ጦርነት ሲጠብቅ ልጅቱ ቤት እያንኳኳች ስለ 28 ቁጥር መንገድ ታወራ ጀመር። እሳቸው ከእሷ ጋር አልከራከርም አሉ፤ «እሱ» እያሉም ጠሯት። የትራፊክ መብራት ግን «እሱ» ቢባልም «እሷ» ቢባልም ቀዩ ቀይ ነው።
3. እሷ 54 በመቶ ያህል አግኝታ አሸነፈች። ያን ቀን ዴሞክራቶች 15 ወንበር የወሰዱበት ማዕበል እንደነበር፣ የአካባቢውም ሕዝብ ከድሮው እንደተለወጠ አዋጁ ይቀበላል። ማዕበል ግን ሲመጣ መጀመሪያ የሚወስደው መሠረቱን ችላ ያለውን ቤት ነው። ከድሉ በኋላ ስለ ተሸናፊው ሲጠይቋት፣ አሁን እኔ የምወክላቸው ነዋሪ ናቸው፣ የምወክለውን አላጠቃም ብላ ነገሩን ዘጋች። በ2019 እና በ2021 ደግማ ተመረጠች፤ በ2023 ወደ ግዛቲቱ ሴኔት አለፈች።

አንቀጽ 6፦ እምነትን ስለማይነካ
ከመካከላችን ዐቢይ ጾምን የሚጾም አለ፣ ረመዳንን የሚጾም አለ፣ እሑድ እጁን ዘርግቶ የሚዘምርም አለ። በጋብቻም ሆነ በፅንስ ነገር የአቶ ማርሻልን ሐሳብ የሚጋራ ከቆመው መኪና ውስጥ ብዙ ነው። ይህ አዋጅ የማንንም እምነት አይነካም። ነገር ግን ለነፍሳችን የንስሐ አባት፣ ኢማምና ፓስተር አሉን፤ ለአስፋልቱ ያለን እንደራሴ ብቻ ነው።

አንቀጽ 7፦ ግዴታ
1. ማንኛውም እንደራሴ ስለ ሰው ጓዳ ረቂቅ ከማቅረቡ በፊት በሥራ ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከማናሳስ ፓርክ ተነሥቶ በ28 ቁጥር መንገድ ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ መኪናውን ራሱ መንዳት አለበት።
2. ቡል ራን ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጎረቤቱን ያያል። ፔርሙዙን መሪው ሥር ወሽቆ፣ በግራ እጁ ኩባያ፣ በቀኙ ስልክ የያዘ የእኛ ሰው ነው። «እማዬ፣ ደርሻለሁ፣ እዚሁ ነኝ» ይላል። ውቅያኖስ ተሻግራ የመጣች እናቱ በአየር መንገዳችን ደለስ አርፋ፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ገና ድልድዩን አልተሻገረም። እንደራሴው ይህን ውሸት ሰምቶ ዝም ማለት ይኖርበታል፤ አስዋሹ እሱ ነውና።
3. በመንገዱ ላይ ሽንቱ ቢይዘው የትኛው በር እንደሚገባው የሚጠይቀው አይኖርም። በሩም የለምና።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት
ይህን ግዴታ ሳይወጣ የጓዳ ረቂቅ ይዞ የቀረበ እንደራሴ ረቂቁን ዳር ቆሞ ለእያንዳንዱ አሽከርካሪ ያነብለታል። ጊዜ ስላለን እንሰማዋለን።

አንቀጽ 9፦ ስለ ተተኪዎች
ይህ አዋጅ በአቶ ማርሻል ላይ ብቻ የወጣ አይደለም። ስለ 28 ቁጥር መንገድ አውርቶ የተመረጠ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይለካል፤ ጥሩ ንግግር፣ የፓርቲ ቀለምም ሆነ አዲስ ታሪክ መሥራት ከዚህ ነፃ አያወጣም።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ መኪኖች መንቀሳቀስ እስኪጀምሩ ድረስ የጸና ይሆናል። የቨርጂኒያ ምክር ቤት ምርጫ ሁሉም ሰው በሚረሳው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት፣ በኖቬምበር ነው። ስለዚህ ዜግነት ያለህ ወንድም፣ ዜግነት ያለሽ እህት፣ ተመዝገቡ፤ የአካባቢያችሁን እንደራሴ ስም እወቁ፤ ለቅስቀሳ በራችሁን ሲያንኳኳም መጀመሪያ ስለ መንገዱ ጠይቁት። መምረጥ እየቻለ ያልመረጠ አሽከርካሪ ክላክስ የማሰማት መብቱ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል።