ከደጅ የቀረው ወንድም

በራስ ቅል የታጠረች አንዲት ከተማ ነበረች። በውስጧ ጥቁር አፈር የሚባል ሰፈር አለ። የሰፈሩ ሠራተኞች ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ ያሰናዳሉ፤ እጅና እግርም በእሱ ይታዘዛል። ሠራተኞቹ እየሞቱ ሲያልቁ ከተማዋ ተንቀጠቀጠች፤ እርምጃዋ ተሳሰረ። ሐኪሞች ፓርኪንሰን አሉት።

ዶፓሚን ከሩቅ ሊረዳት መጣ። የበሩ ዘበኛ ግን «የአሚኖ አሲዶች ካባ የለህም» ብሎ መለሰው። ሙያውን አልጠየቀውም፤ ልብሱን አይቶ ፈረደ።

ያኔ የአሚኖ አሲዱ የታይሮሲን ልጅ ሌቮዶፓ ተነሣ። ከአባቱ የሚለየው በአንዲት የኦክስጅን አቶም ብቻ ነው፤ ሆኖም ፕሮቲን በሚገነቡት የሃያ ቤቶች መዝገብ ስሙ የለም። በባቄላ ውስጥ መኖሩ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ካርቦክሲል የሚባለውን ካባ ግን ለብሷል፤ በሩን አልፎ ሲያወልቀው ዶፓሚን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1961 የቪየና ሐኪሞች ላኩት፤ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ተነሥተው ተራመዱ።

መንገዱ ግን ወንበዴ ነበረበት። በአንጀት ያደባ ኢንዛይም ካባውን ገና ከደጅ ይገፍፈዋል፤ የተገፈፈው አይገባም፤ እዚያው ማቅለሽለሽ ያስነሣል። ሥጋ በተበላ ቀን ደግሞ የተመዘገቡት አሚኖ አሲዶች በሩን ሲያጨናንቁ ያልተመዘገበው ወረፋ ይጠብቃል። ይህ ግፊያ ያሳዝነኛል፤ የሚንቀጠቀጠው ሰው ይህን ያህል መጠበቅ አልነበረበትም።

ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ የሚባል ወንድም ነበረው፤ በሰው እጅ የተለወጠ፣ በአሚኖው ቦታ ሃይድራዚን የተተከለለት። ወንበዴው ሲይዘው እሱም መልሶ ጠምዶ ያዘው። ሌቮዶፓንም «አንተ እለፍ» አለው። በሩ ለካርቢዶፓ አይከፈትም፤ ባይከፈትም ደግ ነው፤ ከውስጥ ካባ የሚያወልቀው የዚያው ኢንዛይም ወገን ነውና፣ ቢገባ የእሱንም እጅ ባሰረ ነበር።

ከተማዋ መንቀጥቀጧ ጋብ ሲል ሽማግሌዎች ሌቮዶፓን ሊሸልሙ ጠሩት።

«አባቶቼ፣ ወንድሜ ከደጅ ነው» አላቸው።

«ያልገባ ምን ሠራ ልጄ?»

«እሱ ወንበዴውን ሲይዝልኝ ከምንላከው ሌቮዶፓዎች 75 በመቶው ቢቀነስ እንኳ ሥራው አይጎድልም። ደግሞም የእኔ ጉልበት ለሰዓታት ነው፤ የጥቁር አፈርን ሞትም አላስቆምኩም። ነገም እመለሳለሁ፤ ያለ እሱ ግን አልነሣም።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ሁለቱ በአንድ እንክብል እንዲጓዙ ፈቀዱ፤ ጸሐፊውንም ጠርተው በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ከደጅ የሚቀረውን አስቀድሞ እንዲጽፍ አዘዙት፦ ካርቢዶፓ እና ሌቮዶፓ።