በወረቀት የበቀለ ሽንኩርት

ጉቦ ከሚጠይቅ ሰው ማምለጥ ይቻላል፤ «የለኝም» ብሎ መውጣት ነው። ምንም ሳይጠይቅ ከሚያደርግልህ ወዳጅ ግን በምን ታመልጣለህ?

የቆቦ ሜዳ ክረምቱ አጭርም አመለኛም ነው። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ በጋውን የሚያሻግረን የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃውን የሚያወጣው ሞተር፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ደግሞ ነዳጅ ነው። ነዳጅ በጀሪካን እንዲሁ አይቀዳም፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ስም፣ ቀበሌ፣ የማሳ ስፋት፣ የሰብል ዓይነት፣ ከግርጌው ክብ ማኅተም።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከአጎቴ ጋር አንድ ጥማድ ሽንኩርት ተክለናል። ደብዳቤ ላጽፍ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ ግቢው በቢጫ ጀሪካን ተሞልቷል። ፀሐዩ ሲበረታበት ሰዉ ወረፋውን ለጀሪካኑ አስረክቦ ግራር ሥር ተጠልሏል። የእኔን ከመጨረሻው አስጠግቼ ቀና ከማለቴ እዚያ የሚሠራው አብሮ አደጌ በመስኮት አየኝ።

«አንተ መምህር! እዚያ ምን ትሠራለህ? በጓሮ ና!»

«ተራዬን ልጠብቅ።»

«እኔ እያለሁ?»

በራያ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። እምቢ ማለት ናቅሁህ ማለት ነው። ሻይ ታዘዘልኝ፤ ሻዩ ሳይበርድ ደብዳቤው ታተመ። ሳነበው አንዷ ጥማድ አንድ ሄክታር ሆናለች።

«ኧረ ይሄ…»

«ዝም በል፤ ሞተር ይጠጣል። እንዳትመላለስ ብዬ ነው።»

ሳንቲም አልተቀበለኝም። የሻዩንም ሒሳብ የከፈለው እሱ ነው።

ሰንበት ብሎ መሥሪያ ቤቱ የልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡበት። አለቃው መዝገብ ገልጦ ባለአንድ ሄክታሩን መምህር መረጠ። እንግዶቹ ኮፍያቸውን ደፍተው ከመኪና ወረዱና ማሳችንን በአንድ ትንፋሽ ዳር አደረሱት። አንዱ «ቀሪውስ?» ሲል አጎቴ ቀደሙኝ፦ «ቀሪው ቢሮ ነው ያለው» አሉ። ወዳጄ ፊቱን አዙሮ የዞብልን ተራራ ያጠና ጀመር።

ደብዳቤው ወደ ጥማዱ ተመለሰ፤ ወዳጄም ለጥቂት ጊዜ ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ መለሰ። ሌባ ልለው አልችልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ለእሱ አይሆንም፤ የበላው የለም። ሆኖም የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የራስን ጥቅም ብቻ አይመለከትም፤ ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት ሥልጣንን መጠቀምንም በወንጀል ያያል። ሕጉ ይቅርና፣ ያን ቀን ግራር ሥር ቢሮ ውስጥ አብሮ አደግ የሌለው ገበሬ ነበር። ለእኔ የተረፈው ነዳጅ የጎደለው ከእሱ ጀሪካን ነው።

አጎቴ በጎሊና ወንዝ መስኖ ተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ሆነው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ተራዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢደርሰኝ «ወደ ማታ አዙሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ቦዩ አጎት የለውም» ብለው ሸኙኝ። ተቀየምኳቸው፤ ግን በእሳቸው ዘመን በውሃ ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ጎረቤት አላየሁም።

ማኅተም የያዘ ወዳጅ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ሻዩን ጠጣለት፤ ቤቱም ሂድ፣ ለቅሶውም ላይ ቁም። ደብዳቤህን ግን ከሰው ጋር ተሰልፈህ፣ በልኩ አጽፈህ ተቀበል።