ማር በሊታው

ድሮ ድሮ፣ ዛሬ ከሕንድ እስከ አየርላንድ የሚነገሩ ብዙ ቋንቋዎች ገና አንድ ቋንቋ ሳሉ፣ ድብ የታወቀ ስም ነበረው። ሕዝቡ ሲበተን ወደ ደቡብ የወረዱት ስሙን ይዘው ወረዱ፤ ግሪኮች አርክቶስ፣ ሮማውያን ኡርሱስ፣ ሕንዶች ርክሻ፣ ፋርሶች ኸርስ እያሉ በየአፋቸው አቆዩት። ሰሜን ጫካ የገቡት ግን «ስሙን ከጠሩት ይመጣል» ብለው ፈሩ። ጀርመኖቹ «ቡናማው» አሉት ይላሉ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት። ስላቮቹ «ማር በሊታው» አሉት፤ የዛሬዎቹ ሩሲያውያን «ሜድቬድ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከስላቮቹ መንደሮች በአንዱ ልጆቹ ሌላ ስም እንደነበረው ሳይሰሙ አደጉ። ማር የሚበላ ጎረቤት ማን ይጠላል? ውሎ አድሮ «አያ ማር በሊታ» ተብሎ ሸንጎ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ጀመረ።

አንዲት ባልቴት አንዲት ላም ነበረቻት። አንድ ሌሊት በረቱ ተሰበረ። ጠዋት ጭቃው ላይ የሰው እግር የሚመስል ዱካ አገኘች፤ ከጣቶቹ ፊት አምስት ጥፍር ጠልቆ ተተክሏል። እየሮጠች ሸንጎ ደረሰች።

«ላሜን ማር በሊታው በላብኝ!»

ዳኛው ጢማቸውን ዳበሱ። «ማር በሊታ ላም ምን ያደርግለታል? ስሙ ራሱ ምስክር ነው።»

«እሺ፣ ቡናማው በሉት።»

«የኔም ውሻ ቡናማ ነው።»

ድቡ ራሱን ነቀነቀ፤ ሽማግሌዎቹም ተከትለው ነቀነቁ። ዳኛው ዋሹ አልልም። አያቶቻቸው ከፍርሃት ያወጡትን ስም እሳቸው እውነት ብለው ተቀበሉት፤ ለኔ ይህ ከውሸት ይከፋል።

በዚያ ሰሞን ከጥቁር ባሕር ዳርቻ ቆዳ ሊገዛ የመጣ የግሪክ ነጋዴ ቤቷ አደረ። ማታ ደጅ ተቀምጠው ወደ ሰሜን ከዋክብት አመለከታት። «እነዚያን አርክቶስ እንላቸዋለን። የእናንተ ማር በሊታ በኛ አገር ስሙ ይኸው ነው።» ከእነዚያ ከዋክብት በታች ያለውን ብርዳም ምድር ዓለም እስከ ዛሬ አርክቲክ የሚለው በዚሁ ስም ነው። ባልቴቲቱ ስሙን ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመድ አደረች።

በማግስቱ ሸንጎው መሀል ቆመች።

«ላሜን የበላው አርክቶስ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉ ዳኛው።

ከጎናቸው ማር በሊታው ሳያስበው ብድግ አለና፣ «አቤት!» አለ።