ዶክተር ናት፣ ጉልበት ግን አታይም

የልጅ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግን ያዳረስኩት እኔው ነኝ። ምን ላድርግ፣ የገባችበትን ትምህርት ስጠይቃት «ጁሪስ ዶክተር» አለችኝ። ሁለተኛዋን ቃል ሰማሁ፣ ፊተኛዋን ዋጥኳት። በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ሊያሳዩዋት ቀረቡ። «እማማ፣ እኔ እኮ የሕግ ነኝ» ስትላቸው ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።

ሕጉ ብቻ በሆነና በታገስኩ! የማኅበራዊ ፖሊሲ ማስተርስ ደርባበታለች። ሕጉ 3 ዓመት፣ ማስተርሱ 2 ዓመት፤ አንዳንዱ ኮርስ ለሁለቱም ስለሚቆጠር በ4 ዓመት ያልቃል ትላለች። አንድ ዓመት አተረፍኩ ባይ ናት። በብድር እየተማሩ ትርፍ! ሲመረቁ ደግሞ የጥብቅና ፈተና አለ፤ እሱን ካላለፉ ያ ሁሉ ወረቀት ችሎት አያስቆምም።

ባለፈው አንድ የ1970 ፍርድ አነበበችልኝ፤ ጎልድበርግና ኬሊ የተሟገቱበት። የኒው ዮርክ ድሆች «ሳንሰማ ድጎማችን አይቆረጥ» ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም ለማለት ይሄ ሁሉ መጽሐፍ? በበላ ልበልሃ ዘመን ባላገሩ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ወዝወዝ እያደረገ፣ ፊደል ሳይቆጥር ያስረዳው ነበር አልኳት። ቀና እንኳ አላለችም።

«አባባ፣ አፍ የሌለውስ?»

ለሽማግሌ መልስ መስጠትንም ያስተምሯቸዋል ማለት ነው።

እኚያ የጉልበት እናት ሰሞኑን ፖስታ ይዘው ከች አሉ። ፉድ ስታምፕዎ ይቋረጣል የሚል ደብዳቤ ነው። ልጅቱ ዋናውን ጽሑፍ አልፋ ጣቷን ታች ወዳለው ደቃቅ ፊደል ሰደደች፤ አቤቱታ ማቅረቢያው ሊያልፍ 3 ቀን ቀርቶታል። ቀኑ ሳያልፍ ካመለከቱ፣ ነገሩ እስኪወሰን እርዳታው ላይቋረጥ ይችላል አለቻቸው። «ገና ተማሪ ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም» ብላም ነፃ የሕግ አገልግሎት ወደሚሰጡ ሰዎች ደወለችላቸው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኔ ችሎት ሆኗል። ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። ዛሬም ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወንበሬ ላይ ፖስታ የታቀፈ ሰው ተሰይሟል፤ እኔ ቆሜ «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» እለዋለሁ።