47 በመቶ ላይ የቆመው ሰርግ

የእህቴ ልጅ የተዳረችው በጥር ነው። የካቲት ተጋመሰ፤ ሰርጉ ግን አላለቀም። ሙሽሮቹ ጎጆ ወጥተዋል፣ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የተዋስነው ድስት ሁሉ ለየባለቤቱ ተመልሷል። ያላለቀው ቪዲዮው ነው። ዱቦ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሰርጉ በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሙሽራው ይመጣል፣ ሙሽሪት ትወጣለች፣ መዘምራን ይዘምራሉ፤ ልክ 47 በመቶ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ነጣ ይልና ሶፍትዌሩ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ራሱን ይዘጋል።

ለሌላ ጉዳይ ሶዶ ወርጄ ነበርና እህቴ ደወለች። «ከዚያ ዱቦ ቅርብ ነው፤ ሄደህ አንድ በለው። ደቡብ አፍሪካ ያለው የሙሽሪት ወንድም በየቀኑ እየደወለ ‹ሰርጉ መቼ ነው?› ይለኛል» አለችኝ። በቤተሰባችን ዘንድ እኔ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት አዲስ አበባ በመኖሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዱቦ ወላይታ ውስጥ፣ አረካ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ከራሷ በላይ ያገነነላት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያቆመችው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ነው፤ ከዙሪያው ገጠር በሽተኛ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። ሆስፒታል አጠገብ መኖር ሰውን ግማሽ ሐኪም ሳያደርገው አይቀርም። ፎቶ ቤቱ ስደርስ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ኮምፒውተሩ ጎኑ ተፈቶ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ቬንትሌተር ተደቅኖበታል። ዙሪያውን ስድስት ሰባት ሰው ቆሟል፤ ከመሃላቸው ኮምፒውተር የተማረ የለም፣ መድኃኒት ሳያዝ የሚወጣም የለም።

«ቫይረስ ነው» አለ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ወጣት። በነበረው አንቲቫይረስ ላይ ሌላ አንቲቫይረስ ተጫነ። ሁለቱ ዘበኞች እርስ በርስ መጠባበቅ ሲጀምሩ ማሽኑ ይበልጥ ተንቀራፈፈ። «ራሙ አንሶት ነው» አለ ሌላው፤ ስንት ራም እንዳለው ግን አልጠየቀም። «መብራቱ ነው፣ ከፍ ዝቅ እያለ» ያሉት ጎረቤት ባለ ሱቅ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ስኳር ቢረጥብም ጥፋቱ የመብራት ነው። አንድ ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና «አጥፍታችሁ አብሩት» አሉ። ይህ ምክር አንዳንዴ ይሠራል፤ ጣጣውም ይኸው ነው፣ አንድ ቀን የሠራ ምክር ዕድሜ ልክ ይታዘዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከየሰፈሩ የማይጠፋው «ፎርማት አድርገው» ባዩ ነው። ራሱን ላመመው ሰው አንገቱን ቁረጡት የሚል ሐኪም ማለት እሱ ነው፤ ሕመሙ በእርግጥም ይቆማል።

በሩ ሥር የተቀመጡት የባለ ፎቶ ቤቱ አያት ብቻ «ልጁ ደክሞታል፤ ዕቃውም እንደሱ ነው። ተዉአቸው ይረፉ፣ ቡና ይፈላ» አሉ። የሰማቸው አልነበረም። ኋላ ሳስበው ከተሰነዘረው ሁሉ ለእውነት ቀረብ ያለው የሳቸው ነበር። ሬንደር የሚያደርግ፣ ማለትም የተቀናበረውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ የሚያወጣ ኮምፒውተር ማራገቢያውን አቧራ ከበላው ይግላል፤ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከባሰበትም ራሱን ያጠፋል።

እኔም ከአዲስ አበባ መጥቶ ዝም አለ እንዳልባል «ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርገኸዋል?» አልኩት ቪዲዮውን የሚያቀናብረውን ኤዲተር። ዐይኑን ሰበረ። «ጋሼ፣ ክራክ እኮ ነው። አፕዴት ከተደረገ አይከፍትም።» ከዚያ በኋላ ለአፍታ ማንም አልተናገረም። ያልተከፈለበት ዕቃ ሲያስቸግር አቤት የሚባልበት ደጅ የለም።

እውነቱን ለመናገር የካሜራው ነገር ራሱ ሰውን ያሳስታል። ዱሮ ሰርግ የሚቀረጽባት ሚኒ ዲቪ ካሴት እያንዳንዱን ምስል ሙሉ አድርጋ፣ ለየብቻው ነበር የምትይዘው፤ አንዱ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒና ፓናሶኒክ ኤቪሲኤችዲ የሚባለውን የአቀራረጽ ዘዴ ይዘው ሲመጡ ምስሉ ከ720 በ576 ወደ 1920 በ1080 ነጥብ አደገ፤ ልክ 5 እጥፍ ማለት ነው። ፋይሉ ግን አላበጠም፤ እንዲያውም በሰከንድ 24 ሜጋቢት ሲቀረጽ አንዱ ሰዓት 11 ጊጋባይት አይሞላም። ይህን ያየ ሰው «ትንሽ ፋይል፣ ቀላል ፋይል» ይላል። የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንደ እድር መዝገብ ነው። አንዱ ጸሐፊ በየመስመሩ ስሙንም መዋጮውንም ሙሉ አድርጎ ይጽፋል፤ መዝገቡ ይወፍራል፣ ግን የትኛውንም ገጽ ገልጦ ማንበብ ይቻላል። ሌላው ጸሐፊ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ይጽፍና ከሥሩ «እንደ ላይኛው»፣ «እንደ ላይኛው፣ 10 ብር ሲቀነስ» እያለ ይወርዳል። መዝገቡ ቀጭን ነው፤ 12ኛው ሰው ስንት እንደከፈለ ለማወቅ ግን ከላይ ጀምሮ እየደመሩ መውረድ ነው። የዛሬው ካሜራ የሚጽፈው እንደ ሁለተኛው ነው፤ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ አይከብድም፤ መዝገቡ ከላይ ወደ ታች ይነበብለታል። ኤዲቲንግ ግን መዝገቡን መሃል ላይ መክፈት፣ መቁረጥ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ እንደገና መቁረጥ ነው። በእያንዳንዷ ቁርጥ ኮምፒውተሩ ወደ ላይ እየወጣ ይደምራል።

ለዚህ ነው ሙያውን የተካኑት መቁረጥ ከመጀመራቸው በፊት ፋይሉን ለኤዲቲንግ ወደሚመች ቅርጽ የሚቀይሩት፣ ወይም ፕሮክሲ የሚባል ቀለል ያለ ቅጂ አውጥተው በእሱ የሚሠሩት። ቦታ ይፈጃል፣ ምናልባትም አንድ ሌሊት ይወስዳል። እኛ ደግሞ የቸኮልን ሰዎች ነን። አንድ ሌሊት መጠበቅ አቅቶን ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

ኤዲተራችንም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። ታይምላይኑን ሲያሳየኝ ሙሽሪት ከጽጌረዳ ውስጥ ትፈልቃለች። ሙሽራው ልብ ተከፍቶ ይወጣል። ዱንጉዛ የለበሱት ሽማግሌ ቁርጣቸውን ዳጣ እያስነኩ በስሎው ሞሽን ይጎርሳሉ፤ አንዷ ጉርሻ ከአንድ መዝሙር እኩል ጊዜ ወስዳለች። በአንዲት ክሊፕ ላይ ብቻ 9 ኢፌክት ቆጠርኩ። «ቤተሰብ ይወደዋል» አለኝ። አልዋሸም፤ ኢፌክት የሌለበት ቪዲዮ ያመጣ ኤዲተር «ምን ሠራህና ነው ገንዘብ የምትጠይቀን?» ይባላል። ማሽኑን የምናስጨንቀው እሱና እኛ ተባብረን ነው።

ዲስኩን ከፍቼ ሳይ የቀረው ባዶ ቦታ 3 ጊጋባይት ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሲሠራ የራሱን ጊዜያዊ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የአገሩ ሰርግ ሁሉ እዚያ ተከማችቷል፤ የተፋቱ ሰዎች ሰርግ ሳይቀር አለ። ለምን አታጠፋውም ስለው «ቢታረቁስ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አስተካካሉ ነው። ሶፍትዌሩ በወደቀ ቁጥር አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ይለውጣል፤ ሴቲንጉን ይነካካል፣ ድራይቨር ይቀይራል፣ ሁለት ኢፌክት ያነሳል፣ ኬብል ይነቅላል፣ በመጨረሻም ጎኑን በመዳፉ ጠፍ ያደርገዋል። እንዲህ የታከመ በሽተኛ ቢድን ከየትኛው ኪኒን እንደዳነ አይታወቅም፤ ቢብስበትም የትኛው እንደጎዳው አይታወቅም። ሴቭ የሚያደርገው ደግሞ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ስም ላይ ነው። ትላንት ወደሠራው ልመለስ ቢል የሚመለስበት ትላንት የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ሴት የፓስፖርት ፎቶዋን እየጠበቀች ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ነጭ ጋውን በክንዷ አንጠልጥላለች፤ ነርስ ናት አሉ። ታገሰች፣ ታገሰች፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቷን አየችና «ይቅርታ፣ የሚያቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ ቦታ ይለዋውጣል?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት ያዘዘ እንጂ የት ነው የሚያምህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ሶፍትዌሩ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚወድቅ ከሆነ ነገሩ ከማሽኑ ነው፤ ሙቀት፣ ራም፣ ድራይቨር፣ መብራት ይጠረጠራሉ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ የሚወድቅ ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ፤ የተበላሸ ክሊፕ ወይም የማይሆን ኢፌክት። ማሽኑ በየቀኑ «47! 47!» እያለ ቁስሉን በጣቱ ሲያሳየን እኛ ምላስህን አውጣ እንለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግስት ብቻ ነው። የ3 ሰዓቱን ሰርግ ለሁለት ከፍለን ግማሹን ብቻ አስወጣነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ወደቀ። እሱን ለሁለት፤ የወደቀውን እንደገና ለሁለት። ስድስት ጊዜ ስንከፍል 3 ሰዓቱ ከ3 ደቂቃ አነሰ። ኤዲተሩ ያቺን ቁራጭ ከፈታት። መጀመሪያ ድንኳኑ ታየ። ቀጥሎ ቀይ ክራቫት ያሰረ፣ ማይክ በሁለት እጁ የጨበጠ፣ ማይኩን የመመለስ ሐሳብ የሌለው ሰው ታየ። አፉን እንደከፈተ ምስሉ ወደ አረንጓዴና ሐምራዊ ድርብርብ ተቆራርጦ ቀረ።

ሰውየው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። የካሜራው ካርድ 32 ጊጋባይት ነው፤ በዚያ ጥራት 3 ሰዓት ያህል ይይዛል። ጠዋት ከሙሽሪት ቤት ጀምሮ ሲሞላ ቆይቶ በእኔ ንግግር ላይ ሞላ። ንግግሬ አጠር ያለ ቢሆን ኖሮ ባልሞላ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ካሜራማኑ ተቸገረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ኮምፒውተር ያውቃሉ» ብለው ካርዱን ሰጡኝ። የካሜራውን ካርድ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ፣ ከኪሴ ባወጣሁት ሌላ ሚሞሪ ካርድ ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። አረንጓዴዋ መስመር ልትሞላ አንድ ጣት ሲቀራት ከጓሮ «ቁርጡ ደርሷል!» የሚል ድምፅ መጣ። የወላይታ ቁርጥ አይጠብቅም፤ ዳጣውና ቆጮው ቀርበው ወንበር የሚሻሙ ሰዎች ይታዩኛል። ፋይሎቹን አየሁ፤ ስማቸውም መጠናቸውም ሙሉ ነው። ነቅዬ ሄድኩ። የካሜራው ካርድም ለከሰዓቱ ቀረጻ ፎርማት ተደረገ።

ሲገለበጥ መሃል ላይ የተነቀለ ፋይል እንዲህ ነው፤ በሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎ ውስጡ ግድግዳ የሌለው ቤት። ሶፍትዌሩ ቁጥሩን አይቶ ይገባል፣ የሚረግጠው ወለል ያጣል። ሆስፒታል ካርድ ሳያወጡ ሕክምና የለም፤ እኔ ደግሞ ካርድ በማውጣቴ ነው በሽታውን ያመጣሁት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ስበላ አፈሰስኩ፤ ሦስት ሳምንት ሲለቅም የከረመው ያ ምስኪን ልጅ ነው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ኤዲተሩ በአክብሮት «ጋሼ፣ ይሄ ፋይል ምን ሆኖ ይሆን?» አለኝ። ነርሷም ታየኛለች። አሁን ነው መናዘዝ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ወጣት «ብያችሁ ነበር!» አለ።

ክሊፑ ወጣ። 47 ታለፈ፣ 60 ታለፈ፤ 90 ላይ ማንም አልተነፈሰም፤ 100 ሲል ቤቱ በእልልታ ቀለጠ፤ ዋናውን ሰርግ ሲያዩም እንዲህ እልል አላሉም። ቡናውም ያን ጊዜ ተፈላ።

በሳምንቱ የሙሽሪት ወንድም ከደቡብ አፍሪካ ደወለልኝ። ቪዲዮውን ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ጊዜ አይቶታል። «አጎቴ፣ ስንት ሰርግ አይቻለሁ፤ ንግግር የሌለበት ሰርግ ሳይ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ማን አስቦበት ነው? እግዜር ይስጠው!» አለኝ።

አሜን አልኩ።